በሺንኮቲግ መጠለያ ዳርቻ ሌሊት ዓሣ ለማጥመድ፦ ፈቃዱ፣ ሕጉና አሠራሩ

ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ለነዳ ሰው፣ የአትላንቲክ ሞገድ ፊት ቆሞ ሌሊቱን ዓሣ የሚያጠምድበት ቦታ አለ። አሳቲግ የሚባለው ረጅምና ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። ሰሜኑ የሜሪላንድ፣ ደቡቡ የቨርጂኒያ ነው። የቨርጂኒያው ክፍል በአብዛኛው የሺንኮቲግ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ይዞታ ሲሆን፣ ይህ መመሪያ የተጻፈው ስለዚሁ ስለ ደቡቡ ጫፍ ነው።

መንገዱ በ50 ቁጥር የቼሳፒክ ቤይን ድልድይ ተሻግሮ እስከ ሶልዝቤሪ፣ ከዚያ በ13 ቁጥር ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻ በ175 ቁጥር ወደ ምሥራቅ ነው። የናሳን የዋሎፕስ ጣቢያ አልፋችሁ ሺንኮቲግ ከተማ ትገባላችሁ፤ መጠለያው ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። ስልካችሁ ላይ «አሳቲግ» ብቻ ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ ወደ ሜሪላንዱ በር ሊወስዳችሁ ይችላል። በደሴቲቱ ላይ ሁለቱን በሮች የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስለሌለ ዞራችሁ መመለስ ይኖርባችኋል።

መጀመሪያ መያዝ ያለበት

ሕጉን ከመዘርዘሬ በፊት ቀሪው ሁሉ የሚመነጭበትን ነገር ላስቀድም። የከተማ ባሕር ዳርቻ ካልተዘጋ በቀር ክፍት ነው። የዱር እንስሳት መጠለያ ግን ተቃራኒው ነው፤ ካልተከፈተ በቀር ዝግ ነው። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1903 ፍሎሪዳ ውስጥ የመጀመሪያውን መጠለያ፣ ፔሊካን ደሴትን፣ ሲከልሉ የከለሉት ለወፎች ነበር። ሺንኮቲግም በ1943 ሲቋቋም ዓላማው ለተጓዥ ወፎች፣ በተለይም ከሰሜን ለሚወርዱት ነጭ የበረዶ ዝይዎች፣ ማረፊያ መስጠት ነበር። በ1997 የወጣው የመጠለያዎች ሕግ ዓሣ ማጥመድን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ስድስት የሕዝብ አገልግሎቶች አንዱ አድርጎታል፤ ነገር ግን ከመጠለያው ዓላማ ጋር እስከተስማማ ድረስ ብቻ ነው።

ሰዓቶቹን በአሜሪካ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በሩ ላይ የሚለጠፈው እንደዚያ ነውና። መጠለያው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ከንጋቱ 5 እስከ ማታ 10፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 8፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 6 ክፍት ነው። ከዚያ በኋላ የሚዋኘውም፣ ፎቶ የሚያነሣውም፣ የሚንሸራሸረውም ይወጣል። እንዲቆይ የሚፈቀድለት ፈቃድ ያለው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱም እያጠመደ እስካለ ድረስ።

እኔ ለአዲስ ሰው የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነው፦ ሌሊቱን የከፈተላችሁ የማጥመጃ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ ከገባ፣ እናንተም ወደ ቤት መግባት አለባችሁ። ድንኳን ተክሎ መተኛት፣ ምግብና መጠጥ ዘርግቶ ማምሸት፣ አንዱ እያጠመደ ዐሥር ሰው አጅቦ መቀመጥ በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይካተቱም። እኛ ኢትዮጵያውያን ውኃ ዳር ስንወጣ ሙሉ ቤተሰብ፣ ምጣዱና ጀበናው ሳይቀር ይዘን መውጣት እንወዳለን፤ ያ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ጊዜው ግን ቀን ነው። ማደር ለሚፈልግ በሜሪላንድ በኩል የካምፕ ሥፍራዎች አሉ። በቨርጂኒያው በኩል ካምፕ የለም።

አንደኛ፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን ይረሳል።

የመጀመሪያው የቨርጂኒያ የጨው ውኃ ላይሰንስ ነው። ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በመደበኛው ሕግ የራሱን ይይዛል። የባል ላይሰንስ ለሚስት፣ የአባት ላይሰንስ ለ17 ዓመት ልጅ አይሆንም። ዘንጉን ተቀብሎ ለአምስት ደቂቃ የያዘ ሰውም እያጠመደ እንደሆነ ይቆጠራል። ላይሰንሱ በቨርጂኒያ የዱር ሀብት መሥሪያ ቤት በኩል በኢንተርኔት ወይም የማጥመጃ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። የዓሣውን ዓይነት፣ መጠንና ብዛት የሚወስነው ደግሞ ሌላ አካል፣ የቨርጂኒያ የባሕር ሀብት ኮሚሽን ነው። ላይሰንሱን አንዱ ይሸጥላችኋል፣ ደንቡን ሌላው ያወጣል፤ ደንቡን በኮሚሽኑ ገጽ ላይ ፈልጉ።

ሁለተኛው የሌሊት ማጥመጃ ፈቃድ ነው። የመዝናኛው ዳርቻ ያለው በመጠለያው ውስጥ ቢሆንም የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው፤ ደሴቲቱ በ1965 ብሔራዊ የባሕር ጠረፍ ተብላ ስለተሰየመች። ስለዚህ ፈቃዱን የምትጠይቁት ከመጠለያው ዋና ቢሮ ሳይሆን ከዳርቻው አጠገብ ካለው የቶምስ ኮቭ የጎብኚዎች ማዕከል ነው። ማዕከሉ የቢሮ ሰዓት አለው። ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ ጨለማ ውስጥ የደረሰ ሰው ፈቃድ የሚሰጠው አያገኝም፤ በፊተኛው ቀን ደውላችሁ የመዝጊያውን ሰዓት ጠይቁና ከዚያ በፊት ድረሱ። እግረ መንገዳችሁን የትኛው የዳርቻ ክፍል ዛሬ ለወፎች እንደተዘጋ፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ ስለ እሳትም ምን እንደሚፈቀድ ጠይቁ። ማዕበል በመጣ ቁጥር የመኪና ማቆሚያው በአሸዋ ይዋጣልና ያምና ካርታ ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

የመግቢያ ክፍያም አለ። የዓመቱን የዳክ ስታምፕ (ፌዴራል መንግሥት የሚሸጠውን የዳክዬ ቴምብር) ወይም የብሔራዊ ፓርኮችን ዓመታዊ ካርድ የያዘ ሰው በሩ ላይ አይከፍልም። እኔ ስታምፑን እመርጣለሁ፤ ዋጋው 25 ዶላር ነው፤ በክፍያ የሚያስገቡ የአገሪቱን መጠለያዎች ሁሉ በነጻ ያስገባል፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ለወፎች የሚሆን ረግረግ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ በተለይ የስደት ጉዳይ ለተንጠለጠለበት ወገን። ይህ የፌዴራል መሬት ነው። እዚህ የሚጻፍ ቅጣት እንደ ከተማ ፓርኪንግ ቲኬት አይደለም፤ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ላይሰንሱን፣ የሌሊቱን ፈቃድና መታወቂያችሁን ውኃ በማያስገባ ቦርሳ አድርጋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ሬንጀር (የፓርኩ ጠባቂ) ሲመጣ ባትሪያችሁን ወደ መሬት አድርጉ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ወረቀቱን አሳዩ፤ ከዚያም ዓሣ የት እንዳለ ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በቨርጂኒያው ክፍል የቤት እንስሳ በገመድ ታስሮም፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን አይገባም። ድሮንም ክልክል ነው።

ሁለተኛ፦ ወቅቱንና ሙላቱን ምረጡ

ቀይ ድራም ለሚባለው ትልቅ ዓሣ የፀደዩ መጨረሻና የመኸሩ መጀመሪያ የታወቁ ጊዜያት ናቸው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሮክፊሽ እያሉ የሚጠሩት ስትራይፕድ ባስ ውኃው ሲቀዘቅዝ ይመጣል። በበጋው ብሉፊሽ፣ ሻርክና ጅራተ እሾሃማው ስትንግሬይ ይበዛሉ። ለጀማሪ ሴፕቴምበርንና ኦክቶበርን እመክራለሁ፤ ትንኙ ቀነስ ይላል፣ ውኃው ገና ሙቀት አለው፣ የወፎቹም የመራቢያ ወቅት አልፏል። የአሳቲግ ትንኝ በበጋ ማታ ነፋስ ከቆመ ሰውን ከዳርቻው የሚያባርር ነው፤ ረጅም እጅጌ የሌለው ሰው ባይሄድ ይሻላል።

በሐዋሳ፣ በዝዋይ ወይም በጣና ዳር ያደገ ሰው ውቅያኖስ ላይ መጀመሪያ የሚቸገረው በሙላቱና በሽሽቱ ነው። ሐይቅ ጠዋት ባያችሁት ቦታ ማታም ታገኙታላችሁ። እዚህ ግን ውኃው በየስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሞላል፣ ይሸሻል፤ የሙላቱ ሰዓትም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። የሙላት ሰንጠረዡ በኖአ (በአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት) ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ሙላቱ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት በፊትና ሁለት ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ያዙ፤ ውኃው ሲንቀሳቀስ ምግቡም ይንቀሳቀሳል፣ ትልልቁ ዓሣም ወደ ዳር ይጠጋል። በጨረቃ ሙሉነትና በአዲስ ጨረቃ ሙላቱ ከወትሮው ከፍ ስለሚል ወንበርና ኩለር ያስቀመጣችሁበት ደረቅ አሸዋ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውኃ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ዕቃው

ዘንጉ ከ10 እስከ 12 ጫማ ርዝመት ይኑረው፤ አጭር የሐይቅ ዘንግ ክሩን ከሞገዱ በላይ አያቆይም። ሪሉ (የክር መጠቅለያው) 200 ሜትርና ከዚያ በላይ ክር የሚይዝ ይሁን። ባለ 30 ፓውንድ የተሸረበ ክር ጥሩ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ወፍራም የናይለን ክር ይቀጠላል። ይህ ወፍራም ክር ስትወረውሩ ማባበያውን የሚያሰምጠውን የእርሳስ ክብደት የሚሸከመው ነውና በሱ ላይ አትቆጥቡ። የአጥማጆች ልማድ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ 10 ፓውንድ ነው፤ ባለ 5 አውንስ እርሳስ ለሚወረውር ባለ 50 ፓውንድ ማለት ነው። ክሩ በመወርወር መካከል ቢበጠስ እርሳሱ እንደ ጥይት ይሄዳል፤ በጨለማ ደግሞ ማን ፊት ለፊት እንዳለ አታዩም።

እርሳሱ ፒራሚድ ቅርጽ ያለው፣ ከ4 እስከ 6 አውንስ ይሁን፤ ክብ እርሳስ በሞገዱ ይንከባለላል። መንጠቆው ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ሰርክል ሁክ ይሁን። ከ2021 ጀምሮ ስትራይፕድ ባስን በተፈጥሮ ማባበያ ለሚያጠምድ ሰው በአትላንቲክ ጠረፍ ግዴታ ሆኗል፤ ግዴታ ባይሆንም እኔ ለሌሊት ሌላ አልጠቀምም። ዓሣው ሳይውጠው ከንፈሩ ጥግ ላይ ስለሚይዘው የሚለቀቀው ዓሣ በሕይወት ይመለሳል።

ለማባበያ ተቆርጦ የሚሰካ ሙሌት ወይም መንሄደን የሚባል ትኩስ ዓሣ፣ ስኩዊድ፣ ክላም ይሆናል። መንሄደንን የአገሩ ሰው ባንከር ይለዋል። ሺንኮቲግ ከተማ ያሉት የማጥመጃ ሱቆች ትኩሱን ይሸጣሉ፤ እግረ መንገዱንም ትናንት ምን እንደተያዘ ይነግሯችኋል። ከበረዶ የወጣ ለስላሳ ማባበያ በውርወራው ስለሚበተን በቀጭን የላስቲክ ክር እሰሩት።

ከዚህ ሌላ አሸዋ ላይ የሚተከል የዘንግ ማቆሚያ፣ ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር ባትሪ፣ መለዋወጫ ባትሪ፣ ፒንሳ፣ የክር መቁረጫ፣ የመለኪያ ሜትር፣ ኩለርና በረዶ፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ ብርድ ልብስ የሚያስንቅ ጃኬት። ሌሊቱ በበጋም ይቀዘቅዛል።

አራተኛ፦ በብርሃን ድረሱና ባሕሩን አንብቡት

ከሁሉ የሚበልጠው ምክሬ ይህ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ቢቻል ውኃው በሸሸበት ሰዓት። ሞገዱ ገና ሩቅ ሳለ የሚሰበርበት ቦታ ከሥሩ የአሸዋ ክምር አለ ማለት ነው። ከክምሩና ከዳሩ መካከል ውኃው ጠቆር ብሎ ጸጥ የሚልበት ቦይ ታያላችሁ። ዓሣው ሌሊት የሚመላለሰው በዚህ ቦይ ውስጥ ነው። ክምሩ ተቋርጦ ሞገድ የማይሰበርበት ክፍተት ካገኛችሁ ቦዩን ከውጪው ውኃ ጋር የሚያገናኘው በር እሱ ነው፤ ከበሩ አፍ በስተጎን ቆሙ። ብዙ ጀማሪ ባለ በሌለ ኃይሉ ወርውሮ ዓሣውን አልፎት ይሄዳል። ከዳር ሠላሳ ሜትር ላይ ያለው ቦይ ከመቶ ሜትሩ ውርወራ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ያ ክፍተት ግን ለአጥማጅ በር፣ ለዋናተኛ ወጥመድ ነው፤ ወደ ውጪ የሚጎትተው የውኃ ፍሰት የሚሄደው በዚያው ነው። ሌሊት ከጉልበት በላይ ውኃ ውስጥ አትግቡ። ውኃ የማያስገባ ረጅም ሱሪ የለበሰ ሰው ቀበቶውን ከላይ ያጥብቅ፤ ሱሪው ውኃ ከሞላ መነሣት ከባድ ነው። ፍሰቱ የወሰደው ሰው ወደ ዳር ፊት ለፊት አይታገል፤ በዳርቻው አቅጣጫ ወደ ጎን ይዋኝ፣ ከፍሰቱ ሲወጣ ወደ ዳር ይመለስ። ስትራመዱ እግራችሁን አታንሡ፣ አሸዋውን እየጎተታችሁ ሂዱ፤ ስትንግሬይ ከተረገጠ ይወጋል፣ ከተነካ ግን ይሸሻል።

በቀን እያላችሁ መመለሻችሁንም አስተውሉ። በ1867 የተሠራው ቀይና ነጭ የአሳቲግ ፋኖስ ማማ በየአምስት ሰከንዱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ጉም ካልሸፈነው በጨለማ ከየት እንደመጣችሁ ይነግራችኋል። መብረቅ ካያችሁ ግን ሌላ ምልክት አትጠብቁ። የግራፋይት ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አውርዳችሁ ወደ መኪና ግቡ።

አምስተኛ፦ የወፎቹና የኤሊዎቹ ድርሻ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። በገመድና በምልክት የታጠረ አሸዋ ስታዩ ውስጡ ምንም የሌለ ይመስላችኋል። እዚያ ውስጥ ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል፣ የአሸዋ ቀለም ያላት ትንሽ ወፍ አለች። የአትላንቲክ ጠረፍ ፕሎቨሮች ከ1986 ጀምሮ ለአደጋ በተጋለጡ ዝርያዎች የፌዴራል ሕግ ጥላ ሥር ናቸው። ጎጆ አትሠራም፤ አሸዋውን በመጠኑ ጎድጎድ አድርጋ ብዙ ጊዜ አራት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ጠጠር ይመስላል፤ በቀን እንኳ አጠገቡ ቆሞ የማያየው ብዙ ነው።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ መሮጥ ይጀምራሉ። እናት አታጎርሳቸውም፤ ራሳቸው ወደ ውኃው ጠርዝ ወርደው ጥቃቅን ነፍሳት ይለቅማሉ። መብረር እስኪችሉ አንድ ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። ሲደነግጡ አይበሩም፣ ባሉበት ጸጥ ብለው ይተኛሉ፤ የመኪና ጎማ በቀደደው ቦይ ውስጥ ገብተው መውጣትም ያቅታቸዋል። ከማርች አጋማሽ ጀምሮ እስከ በጋው ማብቂያ ድረስ የደቡቡ ጫፍ፣ ቶምስ ኮቭ ሁክ የሚባለው፣ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ዓሣው እዚያ ቢያብድም አትግቡ።

ፍርፋሪም አትጣሉ። የተረፈ ማባበያ፣ የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት አሸዋ ላይ ሲቀር ቀበሮ፣ ራኩንና ትልልቅ የባሕር ወፎች ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ፍርፋሪውን ይበላሉ፣ ቀጥለው እንቁላሉንና ጫጩቱን። አንድ አጥማጅ ገመዱን ሳይሻገር፣ ወፏን ሳያይ፣ እንቁላሏንና ጫጩቷን ሊያጠፋ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። የተቆረጠ ክርም እንዲሁ ነው፤ እግሩን ወይም ክንፉን ክር የጠመጠመው ወፍ በረሃብ ይሞታል። ክሩን ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

በበጋ ሌሊት ሎገርሄድ የሚባሉት ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች አልፎ አልፎ እንቁላል ሊጥሉ ወደዚህ ዳርቻ ይወጣሉ፤ ቨርጂኒያ ከሚራቡበት አካባቢ በሰሜን ጠርዙ ላይ ናት። ኤሊ ስትወጣ ካያችሁ ባትሪውን አጥፉ፣ ራቁ፣ ፎቶ አታንሡ፤ ብርሃን ካየች ሳትጥል ወደ ባሕር ልትመለስ ትችላለች። ቦታውን አስታውሳችሁ ለሬንጀር ተናገሩ። ልጆች የቆፈሩትን ጉድጓድ ከመሄዳችሁ በፊት ሙሉት፤ የተፈለፈለ ኤሊ ከገባበት አይወጣም፣ በጨለማ የሚራመድ ሰውም እግሩን ይሰብራል።

ስለዚህ የብርሃኑ ደንብ እንዲህ ነው፦ ማባበያ ስትሰኩና ዓሣ ስታወጡ ቀዩን አብሩ፣ ሌላውን ጊዜ አጥፉት። ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ የቆየ ዓይን ሞገዱንም የዘንጉንም ጫፍ ያያል። የሚያበራ ትንሽ ዱላ ከዘንጉ ጫፍ ብታስሩ ንክሻውን ያሳያችኋል። የመኪና መብራት ወደ ባሕሩ አብርቶ ማጥመድ አጠገባችሁ ያለውንም አጥማጅ ያስከፋል።

የዱር ፈረሶቹን አትጠጉ፣ ምግብም አትስጡ። ከተማው በጁላይ የሚያዋኛቸው እነዚያ ታዋቂ ፈረሶች የሺንኮቲግ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድን ንብረት ናቸው። ይራገጣሉ፣ ይናከሳሉም። ምግባችሁን መኪና ውስጥ ቆልፉ።

ስድስተኛ፦ ማጥመዱና መልቀቁ

ወርውራችሁ ክሩን አጥብቃችሁ ዘንጉን ማቆሚያው ላይ አድርጉ። በሰርክል ሁክ ንክሻ ሲመጣ ዘንጉን ነጥቆ መሳብ ስሕተት ነው፤ መንጠቆው ከአፉ ይወጣል። ዓሣው ይዞ ሲሄድና ዘንጉ ሲጎብጥ ቀስ ብላችሁ አንሥታችሁ ጠቅልሉ። ማባበያውን በየሃያ ደቂቃው ፈትሹ፤ ሸርጣኖች ባዶ መንጠቆ ይተዉላችኋል። ከዘንጎቻችሁ እንዳትርቁ፤ ፈቃዱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ዓሣው ዳር ሲደርስ የሞገዱን ምት ጠብቁ፤ ሞገዱ ራሱ ያወጣላችኋል። የሚለቀቅ ዓሣ በደረቅ አሸዋ ላይ አይጎተትም፤ የሚጠብቀው ለሐጭ ይገፈፋል። እጃችሁን አርጥቡ፣ አንድ እጅ ከሆዱ ሥር አድርጉ፣ በመተንፈሻ ስንጥቡ አታንጠልጥሉት።

ልኩን ወዲያው ለኩ፤ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ። በቨርጂኒያ ለቀይ ድራም ለብዙ ዓመታት የቆየው ልክ ከ18 እስከ 26 ኢንች ነው፤ ከሥሩም ከበላዩም ያለ ይለቀቃል። ጀማሪ የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው፤ «ትልቁን ይዤ ለምን ልልቀቅ?» ይላል። ቀይ ድራም ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ያ ክንድ የሚያደክመው ትልቅ ዓሣ በየዓመቱ እንቁላል የሚጥለው ነው፤ ከጋኑ ስር እንደሚቀመጥ የጠላ እርሾ ነው፣ እሱ ካለቀ የሚቀጥለው አይኖርም። ለመብልም ቢሆን ትንሹ ይጥማል። ስትራይፕድ ባስ ደግሞ ቁጥሩ ስለቀነሰ በ2023 በውቅያኖስ ዳር የሚያዘው ከ28 እስከ 31 ኢንች፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ እንዲሆን ተወስኗል፤ የሚዘጋበትም ወቅት አለው። እነዚህ ልኮች ይለዋወጣሉና ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የኮሚሽኑን ሰንጠረዥ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ዳርቻው ላይ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።

ሻርክ መምጣቱ አይቀርም። ሳንድባር፣ ደስኪና ሳንድ ታይገር የሚባሉት መያዝ ክልክል ናቸው፤ በጨለማ ለይቶ ማወቅ ደግሞ ለለመደም ከባድ ነው። ሻርክ ከያዛችሁ ከውኃው ሳታወጡ፣ ሞገዱ እያጠበው፣ ክሩን በተቻለ መጠን ከመንጠቆው አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። ፎቶ ለማንሣት ጅራቱን ይዞ ደረቅ ላይ መጎተት ዓሣውንም እናንተንም ይጎዳል።

የምትይዙትን ዓሣ ወዲያው ደሙን አፍስሳችሁ በረዶ ውስጥ ክተቱ። እስክትወጡ ድረስ ከነጭንቅላቱና ከነጅራቱ ይቆይ፤ የተበለተ ዓሣ ሊለካ አይችልም፣ ሬንጀሩም የሚያምነው ሜትሩን ነው። ብሉፊሽ በረዶ ካላገኘ ቶሎ ይሸታል። በደንብ የቀዘቀዘ ድራም ግን ሥጋው ጠንከር ያለ ስለሆነ ለዓሣ ጥብስም ለጉላሽም አይፈርስም፤ አዋዜ ይወስዳል።

በአሸዋ ላይ ለምትነዱ

ይህ ክፍል በአራቱም ጎማ የሚነዳ (ፎር ዊል ድራይቭ) መኪና ላለው ብቻ ነው። በዳርቻው ላይ ለመንዳት የአሸዋ መንጃ ፈቃድ ለብቻው ይገዛል፤ የሌሊቱ ማጥመጃ ፈቃድ አይተካውም። አካፋ፣ ክሪክ፣ ለክሪኩ መደገፊያ ጣውላ፣ መጎተቻ ገመድ ወይም ሰንሰለትና ዝቅተኛ ነፋስ የሚለካ የጎማ መለኪያ መኪናው ውስጥ መኖራቸው ግዴታ ነው። ጎማውን ወደ 15 ፒኤስአይ ገደማ አውርዱ፤ አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ። በተፈቀደው መስመር ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ የአሸዋው ኮረብታና ሣሩ አይነካም፤ ደሴቲቱን ከባሕር የሚጠብቃት እሱ ነው። የቦታው ብዛት የተወሰነ ስለሆነ ሲሞላ ወረፋ ይጠበቃል።

እንዲህ ያለ መኪና የሌላችሁም አትቅሩ። ከመኪና ማቆሚያው ጋሪ እየገፋችሁ ሩብ ማይል ብትሄዱ ጥሩ ቦይ ታገኛላችሁ።

ስትወጡ

ዘንጎቹን ከማጠፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነጩን ባትሪ ወደ እግራችሁ አብርታችሁ የቆማችሁበትን ዙሩ። ክር፣ መንጠቆ፣ የማባበያ ከረጢት፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የሌላ ሰውም ቢሆን አንሡት። ዘንጉን ካጠፋችሁ በኋላ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ንጋትን መጠበቅ አይፈቀድም። ደክሟችሁ መንዳት ካቃታችሁ ደግሞ መፍትሔው ከመጠለያው ውጪ ሺንኮቲግ ከተማ ውስጥ ቀድማችሁ የያዛችሁት ክፍል ነው፤ እስከ ዲሲ ያለው መንገድ ረጅምና በሌሊት ጭር ያለ ነው፣ በ13 ቁጥር ላይም አጋዘን በብዛት ይሻገራል። ሁለት ሾፌር ሆናችሁ ሂዱ፤ መንዳቱን በየተራ ተቀባበሉ።